ቄሰ ገበዝ ዘሰርቨር

በገጠር ደብር አጠገብ ያደገ ሰው ቄሰ ገበዝ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ሳይነግሩት ያውቃል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በመቀነቱ አስሮ የሚሄድ፣ ጽንሐሑም ሆነ ካባው፣ ጃንጥላውም ሆነ መጽሐፉ በመዝገብ ሳይገባ የማይቀበል፣ ከመዝገብ ሳይወጣም የማይሰጥ፣ ዲያቆናቱ «ኧረ አባ ቶሎ በሉ፣ ቅዳሴው ሊገባ ነው» እያሉ በደጁ ሲቁነጠነጡ እርሱ ግን ቁልፉን በቀዳዳው ውስጥ ቀስ አድርጎ እያዞረ ባለፈው እሑድ የተወሰደው መጎናጸፊያ ስለ ምን እንዳልተመለሰ የሚጠይቅ፣ በዚህም ጠባዩ በደብሩ ሁሉ ሲታማ የሚኖር፣ ነገር ግን ሌባ መጣ በተባለ ሌሊት ሁሉም በአንድ አፍ ስሙን የሚጠራው ሰው ነው። እኔም ክህነት ሳይኖረኝ፣ ጥምጣምም ሳልጠመጥም፣ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን በሚጮኽበት ክፍል ውስጥ፣ ይህንኑ ሹመት ይዤ እኖራለሁ፤ ልዩነቱ የምጠብቀው ንዋየ ቅድሳት ሳይሆን የሰርቨር ፓኬጅ መሆኑ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ሰርቨር አንድ ፕሮግራም ባስፈለገው ጊዜ፣ በየቤታችን እንዳለው ኮምፒዩተር ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ያገኘውን አውርዶ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» እያለ አይጭንም፤ ፕሮግራሙ ፓኬጅ ሆኖ ተጠቅልሎ፣ ስሙና የቨርዥኑ ቁጥር፣ መጠኑና የሚፈልጋቸው ረዳቶች ሁሉ በላዩ ተጽፈውበት፣ ሪፖዚተሪ ከተባለው ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩም የማከማቻው አድራሻ በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ተጽፎለት ስለሚገኝ ወደዚያው ሄዶ ይጠይቃል፣ ተቀብሎም ይጭናል። ነገር ግን ረዳት የተባለው ፓኬጅ ሌላ ረዳት አለው፤ የዚያም ረዳት ሌላ አለው፤ ስለዚህ አንዲት ፎቶግራፍ የምታሳንስ ቀላል ፕሮግራም የለመነ ሰው፣ «ከዚህች ጋር የሚከተሉት ተጨማሪ ፓኬጆች ይጫናሉ» የሚል ከስክሪኑ የሚተርፍ ዝርዝር ይወርድለትና መጨረሻ ላይ «ልቀጥል?» ተብሎ ሲጠየቅ በረጅሙ ተንፍሶ «አዎ» ይላል እንጂ ስማቸውን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቀድሞ፣ ይህ ሁሉ በእጅ ተፈልጎ በእጅ በሚመጣበት ዘመን፣ የሙያው ሰዎች ነገሩን ሲኦል ብለው ይጠሩት ነበር፤ አንዱን ፓኬጅ ሲያመጡለት ሌላ ሁለት ሲጠይቃቸው፣ ሁለቱን ሲያመጡ አራት ሲጠይቃቸው፣ ከአራቱም አንዱ ከመጀመሪያው ጋር አልስማማም ብሎ ሲያምፅ ሌሊቱ ይነጋባቸው ስለ ነበረ፣ በስሙ አጋነኑ ብዬ አልፈርድባቸውም።

በእኛ ቤት የተሾመው ሥርዓት ዴቢያን የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1993 ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ መሠረተው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች በረጅም ክርክርና በብዙ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አድርሰውታል። የሙያውን ሰዎች ከዚያ ሲኦል ያወጣቸው አፕት የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ይኸውም ረዳቱን ከነረዳቱ ራሱ ፈልጎ የሚያመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ከዴቢያን 2.1 ጋር ለሕዝብ የተሰጠ ነው። ሊቃውንት ሲሰለቹ ቀልድ አያጡምና፣ «አፕት-ጌት ሙ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ይህ ብርቱ መሣሪያ ሥራውን ሁሉ ትቶ በሥርዓተ ነጥብ የተሣለች ላም ያወጣና «ዛሬስ እምቧ ብለሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህን በሥራ ሰዓት የምሞክር ሰው እንዳልሆንሁ አለቆቼ ይወቁልኝ።

ስለ ቀልድ ከተነሣ አይቀር፣ የዴቢያን እትሞች ስማቸውን የወረሱት «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው የልጆች ፊልም ገጸ ባሕርያት ነው፤ ምክንያቱም የስሙ ልማድ በተጀመረበት ጊዜ ሥራውን ይመራ የነበረው ብሩስ ፔረንስ ፊልሙን በሠራው በፒክሳር ኩባንያ ውስጥ ተቀጣሪ ነበረ። ነገሩ በእንግሊዝ አፍ ሲነገር የሚያስፈግግ ቢሆንም፣ ቁጥርና ቀን በተጻፈበት፣ ክብ ማኅተም በሚያርፍበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ሲሰፍር ግን ሌላ መልክ ይይዛል። «ባስተር የአገልግሎት ዘመኑን የጨረሰ ስለ ሆነ በቡልስአይ፣ ቡልስአይም በተራው በቡክወርም ይተካ ዘንድ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለውን ደብዳቤ አለቃዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙበት፤ ባስተር ውሻ፣ ቡልስአይ ፈረስ፣ ቡክወርም ደግሞ መጽሐፍ አንባቢ ትል መሆናቸውን፣ ስለዚህም በፊርማቸው ውሻውን በፈረስ፣ ፈረሱንም በትል መለወጣቸውን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። ከፊልሙ ሰዎች አንዱ፣ የጎረቤት ልጅ ሆኖ መጫወቻ ሁሉ የሚሰባብረው ሲድ ነው፤ የእርሱ ስም የተሰጠው ገና ያልተረጋጋው፣ ሁልጊዜም የማይረጋጋው የሙከራ ክፍል ሲሆን፣ እትም ሁሉ ስሙ ሲለዋወጥ የሲድ ስም ብቻ አይለወጥም።

«ታዲያ ማከማቻው በውጭ አገር ካለ፣ በነፃም ከሆነ፣ አንተ ደግሞ ምን ታከማቻለህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። የሰው መዝገብና የሰው ገንዘብ ያለበት ሰርቨር በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት እንዲያይ አይፈቀድለትም፤ ቢፈቀድለትም እንኳ አንዱን ፋይል ሠላሳና አርባ ሰርቨር እየተሻማ በየፊናው ከባሕር ማዶ ሲጎትተው፣ መስመሩ ጠቦ የፋይናንስ ክፍሉ ሰዎች ኢሜይል አልከፍት አለን ብለው ደረጃውን እየሮጡ ይወርዳሉ። ስለዚህ አንድ ሰርቨር ብቻ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሁሉን አንድ ጊዜ አምጥቶ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ ከእርሱ ይወስዳሉ። ይህን የመሰለውን ግልባጭ ማከማቻ በሙያው ቋንቋ ሚረር እንለዋለን። ሦስተኛው ምክንያት ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፤ የሰው ቤት ዕቃ የሰው ነውና፣ ባለቤቱ በቀኝ ጎኑ ሳይነሣ በዋለ ቀን ሊያነሣው ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ኤንፒኤም በተባለው የጃቫስክሪፕት ማከማቻ ሥራዎቹን ያስቀመጠ አንድ ፕሮግራመር በአንድ ስም ምክንያት ከአንድ ኩባንያ ጋር ተጣልቶ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ሄደ፤ ከነዚያም መካከል በጽሑፍ ግራ በኩል ባዶ ቦታ ከመሙላት በቀር ሌላ ሙያ የሌላት 11 መስመር ያላት ፕሮግራም ነበረች፤ በእርስዋ መጥፋት ስንትና ስንት ትልልቅ ሥራዎች በዓለም ሁሉ ቆመው ማከማቻው በሰዓታት ውስጥ ወደ ቦታዋ እስኪመልሳት ድረስ ብዙ ሰው ራሱን ያዘ። ግልባጭዋን በቤቱ ያስቀመጠ ግን ወሬውን የሰማው ከምሳ በኋላ ነው።

ለዚህ ሚረር ዲስክ በተገዛ ጊዜ ከዲስኩ ጋር «ዕቃ» እንደ ገባ የንብረት ክፍላችን ሹም ሰምተው ኖሮ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። እኒህ ሰው ጡረታቸው የቀረበ፣ ክር የገባበት መነጽራቸውን ከአንገታቸው የማያወርዱ፣ እኛም ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ስንት ዕቃ ነው የገባው?»

«ቡክወርም ሲወጣ በተሰጠው መግለጫ መሠረት ከሆነ፣ ጋሼ፣ 64,419 ፓኬጅ ነው።»

«ሞዴል 19 ተቆርጦለታል?»

«በነፃ የመጣ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እርዳታም ቢሆን ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22።»

«ሲወጣም ከቦታው አይጎድልም፤ ወሳጁ ግልባጩን ነው የሚወስደው።»

ጋሼ ይህን በሰሙ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ሰርቨሩን በጥርጣሬ ተመለከቱት። «የማይጎድል ዕቃ!» አሉ፤ «እንዲህ ያለ ንብረት ይዤ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰላም እተኛ ነበር።» ከዚያም ሊሄዱ ተነሥተው፣ ደረጃው ላይ አንድ እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ፣ ኢንጂነሮች ነን ከሚሉት መካከል አንድም ሰው ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ። «አይጎድልም ብለሃል፤ ይሁን። እንዳይለወጥስ በምን ታውቃለህ? መዝገቡ ላይ የፈረመው ማነው?»

የዚህ ሙያ ራሱ ይህ ጥያቄ ነው፤ የቀረው እግርና እጅ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ሻ-256 በተባለው ስሌት የሚወጣለት የራሱ አሻራ አለው፤ ይኸውም በላቲን ፊደልና በአኃዝ የተጻፈ 64 ምልክት ያለው ሐረግ ሲሆን፣ ከፓኬጁ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትለወጥ ሐረጉ ከእግሩ እስከ ራሱ ሌላ ይሆናል። የፓኬጆቹ አሻራ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ረጅም ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፤ የዝርዝሩ አሻራ ደግሞ ሪሊዝ በተባለች አጭር መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ በመጨረሻም የዴቢያን ሰዎች ያችን አጭር መዝገብ ብቻ በምስጢር ቁልፋቸው ያትሙባታል። ሰርቨሩ ማኅተሙን የሚመረምርበትን ሌላውን ቁልፍ አስቀድሞ ይዞ ይጠብቃል፤ መዝገቢቱን በማኅተሙ፣ ዝርዝሩን በመዝገቢቱ፣ ፓኬጁን በዝርዝሩ እየመረመረ ይወርዳል፤ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ቅንጣት ልዩነት ቢያገኝ ዕቃውን አይቀበልም። በአንዲት ማኅተም ስልሳ ሺህ ዕቃ ታሰረ ማለት ነው። ከዚህም የሚከተለው ነገር፣ በሰማሁት ቁጥር የሚያስደንቀኝ፣ ተሸካሚው መታመን የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ ፓኬጁ ባልተመሰጠረ ተራ መስመር ቢመጣ፣ በዲስክ ተጭኖ በሰው ሻንጣ ቢመጣ፣ በመንገድ ላይ ሰባት ሌባ ቢቀባበለው፣ አሻራው በማኅተሙ ታስሮአልና ሌባው ሊያዘገየው ይችላል እንጂ ሊበርዘው አይችልም። ይህን ለጋሼ በደረጃው ላይ እንደ ቆሙ አስረዳኋቸው። «ያ ሰው ጥሩ ፈርሞአል» ብለው ወጡ።

ማኅተሙ የሌላ ሰው ቢሆንም የቅደም ተከተሉ ሥርዓት ግን የእኔ የጠባቂው ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አዲስ የመጣውን ሁሉ የሚያስገባው ሥራ ይጀመራል፤ ሕጉም መጀመሪያ ፓኬጁ ይገባል፣ ፓኬጁ ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ዝርዝሩ ይለወጣል፣ ዝርዝሩ ከተለወጠ በኋላ ብቻ አሮጌው ይወገዳል የሚል ነው። ይህን የገለበጠ ሰው፣ አዲሱን ዝርዝር አስቀድሞ ሰቅሎ ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ሳለ መብራት የሄደበት እንደ ሆነ፣ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ሰርቨሮቹ ሁሉ «ዕቃው አልተገኘም» እያሉ በቀይ ጽሑፍ ሲያለቅሱ ያገኛቸዋል። የፓኬጆቹ አቀማመጥ እንኳ የራሱ ጥበብ አለው፤ እያንዳንዱ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል በተሰየመ ክፍል ይገባል፤ ነገር ግን ለሌሎች ረዳት ከሆኑት ፓኬጆች የብዙዎቹ ስም «ሊብ» በሚል ስለሚጀምርና ቁጥራቸው ስለ በዛ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል እንዳይተፋፈጉ ከሊብ ቀጥሎ ባለው ፊደል ደግሞ ተከፋፍለዋል። ከእኔ በፊት በዚህ ሹመት የነበረው ሰው ግን ለጋስ ኖሮ፣ በዓለም ያለውን የኮምፒዩተር ዓይነት ሁሉ ሳይመርጥ ሲያስመጣ ኖሮአል፤ ኤስ390ኤክስ የሚባለው፣ ለአይቢኤም ታላላቅ ሜይንፍሬም የተሠራው እንኳ አልቀረም። እንዲህ ያለው ማሽን በእኛ ሕንፃ ውስጥ ቀርቶ በሰፈራችንም አላየሁ፤ ዲስኩ ሞልቶ ሲጨነቅ መጀመሪያ ያሰናበትሁት እርሱን ነው።

ይህንን ሙያ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ዘመንም ያስቸግራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ የሰዓቷ ባትሪ የሞተች አሮጌ ሰርቨር ከእንቅልፏ የምትነሣው ዛሬ ላይ ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ በተሞላላት በሆነ የድሮ ቀን ላይ ነው፤ ወደ ማከማቻውም ሄዳ መዝገቢቱን ስታይ የተጻፈባት ቀን ገና ያልመጣ ስለሚመስላት «ይህ መዝገብ ገና አልጸናም፤ የሚጸናው ከዚህን ያህል ቀን በኋላ ነው» ብላ ትመልሳለች። ከሌላው ዓለም ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ በደስታ የሚኖር አገር ልጅ ሆኜ በዘመን አቆጣጠር ሰርቨርን ልወቅስ ባይገባኝም፣ እንዲህ በሆነ ጊዜ ፓኬጁንም ቁልፉንም መረቡንም ሁሉ ሲፈትሹ ውለው ሰዓቷን ማንም የማይጠይቃት መሆኑ ይገርመኛል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ የመዝገቢቱ ዘመን ማለፍ ነው። ክፉ ሰው ማኅተሙን ሊሰብር ባይችል፣ ያለፈውን ዓመት መዝገብ ከነማኅተሙ እያሳየ «አዲስ ነገር የለም» ሊል ይችላልና፣ ይህን ለመከላከል የደኅንነት ማሻሻያው መዝገብ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ዋጋ እንዲያጣ ሆኖ ይታተማል። በሳምንቱ ኢንተርኔት ለሚያገኝ ሰው ይህ መልካም ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ በቆየ ጊዜ ግን፣ ፓኬጁ ሁሉ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ማኅተሙ ሳይነካ፣ ዲስኩ ሳይጎድል፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ሰርቨሮቹ «የመዝገቡ ዘመን አልፎአል» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ለእንዲህ ያለው ቀን አፕት የዘመኑን ምርመራ ብቻ ለይቶ የሚያቆም ትእዛዝ አለው፤ ማኅተሙ ግን እንደ ወትሮው ይመረመራል። በእኔ አስተያየት ይህን ማድረግ ነውር የለበትም፣ ምክንያቱን የሚያውቅና ኢንተርኔት በተመለሰ ቀን መልሶ የሚያነሣው ሰው እስካደረገው ድረስ።

የራሳችን ፕሮግራመሮች የሚሠሩአቸው ፓኬጆችም ስላሉ፣ እነርሱን የምናትምበት የቤታችን ቁልፍ አለን። ያንን ቁልፍ የፈጠረው ያው ለጋሱ የቀድሞው ሹም ነበረ፤ ቁልፉን ዘመን ወሰነለት፤ የይለፍ ቃሉን በራሱ ልብ ውስጥ ብቻ አኖረ፤ ከዚያም ዲቪ ደርሶት ወደ ቨርጂኒያ ተሻገረ። ቁልፉ ዘመኑ ባለፈ ጠዋት ሰርቨሮቹ ሁሉ የራሳችንን ሥራ ከራሳችን እጅ አንቀበልም አሉ። ሰውዬው የሥራው ሰዓት በእኛ ሌሊት ስለ ሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ደወልሁለት።

«ወንድሜ፣ እንዴት ነህ፣ አገሩስ እንዴት ነው?» አለኝ ከመኪና ድምፅ ጋር። «የይለፍ ቃሉ? የልጄ ስም ነበረበት መሰለኝ፤ ከነቁጥሩ።»

«የትኛው ልጅህ?»

«አዬ! እርሱን ነው እኮ የረሳሁት።»

አዲስ ቁልፍ ከመፍጠርና ለየሰርቨሩ ከማደል በቀር መድኃኒት አልተገኘለትም። የአሁኑ ቁልፍ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በገንዘብ ያዡ ካዝና ውስጥ ተቀምጦአል፤ ጋሼም ለፖስታው ሞዴል 19 ቆርጠውለታል።

ፕሮግራመሮቻችን ልጆች ናቸው፤ ልጅም ዘንድ አዲስ ነገር ሁሉ መልካም ነው። «አባ» ይሉኛል፣ ዕድሜዬ ሳይሆን መዘግየቴ ነው ማዕረጉን የሰጠኝ፤ «አባ፣ አዲሱ ቨርዥን እኮ ከወጣ ሰነበተ፣ ለምን አይገባልንም?» እኔም ስለ ቁጥር ሥርዓት እሰብክላቸዋለሁ። ዴቢያን ዘንድ የማዕበል ቅርጽ ያላት ቲልድ የምትባል ምልክት አለች፤ እርስዋ ያለችበት ቁጥር ከሌለችበት ያንሳል፤ ስለዚህ «2.0~1» የተባለው ከ«2.0» በፊት ይመጣል፤ በሕጉ አነጋገር ቲልድ ከባዶም ትቀድማለች። ከምንም የሚያንስ ነገር በፍጥረት ውስጥ አለን ብሎ የሚጠይቅ የመጻሕፍት መምህር ቢገኝ መልሱ እኛ ምድር ቤት አለ። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ የፕሮግራሙን ቁጥር በዓመተ ምሕረት ሰይሞ 2011 ሲል ቆይቶ፣ ኋላ ሐሳቡን ለውጦ 1.0 ባለው ጊዜ ሰርቨሮቹ ሁሉ ያረጀ ነው ብለው ናቁት፤ ይህን ለማቅናት ከቁጥሩ ፊት አንድና ሁለት ነጥብ አስቀምጦ አዲስ ዘመን ማወጅ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የታወጀም ዘመን ከዚያ ወዲያ አይሻርም፣ ፕሮግራሙ እስኪሞት ድረስ አብሮት ይኖራል።

ስለ መዘግየት ግን ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልናገር። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ፣ ፖስትግሬስ በሚባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ሊቅ የሆነ ሰው፣ ወደ ኮምፒዩተሩ በርቀት ሲገባ መግቢያው ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ገደማ እንደ ዘገየ ተመልክቶ፣ ይህችን ግማሽ ሰከንድ ንቆ ባለማለፉ፣ ኤክስዜድ በተባለችው ፋይል መጠቅለያ ውስጥ የተሰወረ የጓሮ በር ማግኘቱን ለዓለም ነገረ። በሩን የሠራው ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና እያገለገለ እምነት ያተረፈ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ ፓኬጁ በተገቢው እጅ አልፎ፣ ተገቢውን ማኅተም ይዞ መጥቶአል። ማኅተም ላኪው ማን እንደ ሆነ ይመሰክራል፤ ስለ ላኪው ልብ ግን አይመሰክርም። በሲድና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው የሙከራ ክፍል የነበሩ አዲስ ወዳዶች ሁሉ ሲደነግጡ፣ የረጋውን የዴቢያን እትም ይዘው የተቀመጡት ዘገምተኞች ፓኬጁ ገና ስላልደረሳቸው ምንም አልሆኑም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባ» ሲሉኝ እንደ ስድብ አልቆጥረውም።

ስለ ረጋ እትም ሳነሣ ጎረቤት መሥሪያ ቤት ያለው ወዳጄ እንዳይከፋው እሰጋለሁ፤ እርሱ ያደረው ሴንቶስ ከተባለው፣ ሬድ ሃት ከሚባለው ኩባንያ የሊኑክስ ወገን ጋር ነውና። ሴንቶስ 8 እስከ 2029 ይጠበቃል ተብሎ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ድንገት ዕድሜው በ2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ተነገረ፤ ሴንቶስ 7ም እ.ኤ.አ. በጁን 30 ቀን 2024 ዘመኑን ሲፈጽም ማከማቻዎቹን የሚያመለክተው አድራሻ አብሮ ተነሥቶ፣ ሰርቨሮቹ ያንን ስም እየጠሩ የሚመልስላቸው አጥተው ቀሩ። ፓኬጆቹ ቮልት በተባለው ቤተ መዛግብት አሁንም ይገኛሉ፤ አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ ግን አይጨመርባቸውም። ወዳጄ አድራሻውን ወደ ቮልት ለውጦ «ይሠራል» ይላል። ይሠራል፣ እኔም አላልሁም አይሠራም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ሰርቨር የምታስተዳድር እንደ ሆነ ልማጸንህ። ማኅተሙ አልመረመር ብሎህ፣ አለቃህ ከኋላህ ቆሞ፣ ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑን በሞላው ጊዜ፣ ከማከማቻው አድራሻ ጎን በቅንፍ ውስጥ ሊጻፍ የሚችል «የታመነ ነው» የሚል አንድ ቃል እንዳለ ሰው በጆሮህ ሹክ ይልህ ይሆናል፤ በሬድ ሃት ወገንም «ጂፒጂቼክ ዜሮ» የሚል አቻ አለው። ቃሉን የጻፍህ እንደ ሆነ ቀዩ ጽሑፍ ወዲያው ይጠፋል፤ አለቃህም አመስግኖህ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንም የሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። አትጻፈው። ቁልፉ አርጅቶ ከሆነ አዲስ አስመጣ፤ መዝገቡ ዘመኑ አልፎበት ከሆነ አድሰው፣ ማደስ ካልተቻለም የዘመኑን ምርመራ ብቻ ለጊዜው አቁመህ ምክንያቱንና ቀኑን ጽፈህ ፈርምበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰዓቱን እይ፤ የብዙዎቹ ሰርቨሮች የሰዓት ባትሪ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሁሉ ትገኛለች።